ከብረቷ ሣጥን ወዲህ

ላይል ግራብነር ጣቱን አነሳ፤ የቨርሊን ስታኪ አውሮፕላንም በዚያችው ቅጽበት የላይል ሆነች።

ሁለት የሬዲዮ መቆጣጠሪያዎች በአንድ ጥቁር ገመድ ተያይዘዋል። አንዱን ተማሪው ይይዛል፣ ሌላውን አስተማሪው። በአስተማሪው መቆጣጠሪያ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ አስተማሪው እሷን ተጭኖ እስከቆየ ድረስ ተማሪው ያበርራል። ጣቱን ካነሳ ግን ተማሪው ዘንጎቹን ሲያሽከረክር ቢውል ከሕፃን መጫወቻ መሪ የተለየ ጥቅም የለውም። ለጀማሪ ግሩም ፈጠራ ነው። ቨርሊን ግን ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አምስቱን ያህል በዚሁ የኢንዲያና ሜዳ ላይ ሞዴል አውሮፕላን ሲያበር ኖሯል። ይባስ ብሎ፣ በ1963 ፊቱን ብጉር የወረሰውን ጎረምሳ ላይልን ማብረር ያስተማረው ማን ሆነና? ራሱ ቨርሊን ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ቨርሊን፣ ዓይኑን ከሰማዩ ሳይነቅል።

«ክንፏ ዘንበል አለብዎት።»

«ልትታጠፍ ነዋ! ሳትዘነብል የምትታጠፍ አውሮፕላን የት አገር ነው ያየኸው?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ሚስተር ስታኪ።»

ላይል የፕለም ክሪክ ሞዴል አውሮፕላን ክበብ የደኅንነት ኃላፊ ነው። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ያሰማራል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ቀይ ሰደርያውን ለብሶ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ሰማዩን ያሰማራል። ሠላሳ አንድ ገጽ የደንብ መጽሐፍ ራሱ ጽፏል፤ ዝናብ እንዳያበሰብሰውም እያንዳንዱን ገጽ በላስቲክ አልብሶታል። ታጣፊ ወንበር በየት አቅጣጫ ዞሮ እንደሚቀመጥ ብቻ ሁለት ገጽ ተኩል ይፈጃል። ሰደርያውን ሲለብስ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል። ሲያወልቅ ደግሞ ያው የድሮው ላይል ነው፤ ዶናቱን እየገመጠ «አንተ ቨርሊን» ማለት ይጀምራል። ቨርሊን ሰደርያውን ከልቡ ይጠላዋል፤ ሰውየውን ግን መጥላት አልሆነለትም። በረዶው ወራት፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ደጃፉን ሲጠርግለት የከረመው ላይል ነው።

ሆስፒታል የገባውም በዚያው በረዶ ነው። አካፋውን እንደጨበጠ አንጎሉ ውስጥ አንዲት ደም ሥር ተዘጋች። እግሩ ተመለሰለት፣ አፉም ተመለሰለት፤ አፉ እንኳ ትንሽ ተርፎ ነው የተመለሰው። ግራ እጁ ግን ከክርኑ በታች መታዘዝ ተወ። የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ደግሞ ሁለት ዘንግ ነው ያለው፤ የግራው ሞተሩንና የጭራውን መሪ ያዝዛል። በደንቡ ገጽ አሥራ ዘጠኝ መሠረት፣ ከሕመም የተመለሰ አባል በኃላፊው ፊት ብቻውን ሦስት ጊዜ አስነስቶ ሦስት ጊዜ እስኪያሳርፍ ድረስ በገመድ ያበርራል። የዓመቱ የመጨረሻ የፈተና ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው። ያ ቀን ካመለጠው ቨርሊን እስከ መጪው ዓመት ግንቦት በላይል ጣት ሥር ይከርማል። ሐኪሙ ደግሞ ስለ መጪው ዓመት በተጠየቀ ቁጥር ጉሮሮውን የሚጠራርግ ዓይነት ሰው ነው።

ቨርሊን ገመዱን ነቀለ።

«አውሮፕላኔን አሳርፋትና ስጠኝ» አለ። «ቀስ ብለህ። እንዳስተማርኩህ።»

* * *

«ክፈቺልኝ» አላት ሚስቱን፣ መቆጣጠሪያውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ።

ኢኔዝ ስታኪ የአምቡላንሱን፣ የእህል መኪኖቹንና የሸሪፉን መነጋገሪያ ሬዲዮ ስትጠግን ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ከዋሽንግተን የተሰጣት የቴክኒሽያን ፈቃድ በመስታወት ተከቦ ከማቀዝቀዣው በላይ ተሰቅሏል፤ ከሠርጋቸው ፎቶ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ቨርሊን ይህን አንድ ጊዜ አንስቶባት ነበር። «ፎቶው ፈተና አላስፈተነኝም» ብላው ነገሩ በዚያው ቀረ።

«ምኑን ልክፈትልህ?»

«ሁሉንም። የግራውን ዘንግ ሥራ ወደ ቀኝ አምጪልኝ። እግረ መንገድሽንም ጉልበቱን ከፍ አድርጊልኝ፤ ላይል አጠገቤ ሲቆም ጥርሱ ውስጥ ያለው ብረት እንዲነዝረው።»

ኢኔዝ ካቻቢቴዋን አንስታ የጀርባውን ክዳን አራት ብሎን ፈታች። በሽቦና በሞላ መሐል የክብሪት ቀፎ የምታህል የብረት ሣጥን ተቀምጣለች፤ ክዳኗ ከፋብሪካ እንደተበየደ ነው። በካቻቢቴዋ ጫፍ ኳ ኳ አደረገቻት።

«ይቺን አየሃት? ሞገዱን የምትረጨው እሷ ናት። በየትኛው ሞገድ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደምትረጭ መንግሥት ወስኖላታል። ከሷ ወዲያ ያለው የመንግሥት ነው። ከሷ ወዲህ ያለው፣ ዘንጉ፣ ሽቦው፣ መያዣው የአንተ ነው። ከፈለግህ የላም ቀንድ ግጠምበት።»

«አንቺ እኮ ፈቃድ አለሽ! መክፈት ትችያለሽ።»

«እችላለሁ። ግን ምኗ ታመመና? ደህና የምትሠራ ነገር አልነካም። ጉልበት ጨምሬልህ ደግሞ የአምቡላንሱ ሾፌር አድራሻ ሲጠይቅ ያንተ አውሮፕላን ስትንጫጫ ይስማ? ባለፈው የካቲት በዚያ ሬዲዮ ማንን ለማንሳት ነበር የጠራኋቸው?»

«እሺ፣ በላም ቀንዱ እንጀምር» አለ ቨርሊን።

ሥራው ሁለት ሳምንት ወሰደ። የጭራውን መሪ በቀኙ ዘንግ አናት ላይ ወደ ተተከለች ትንሽ እንዝርት አዛወሩት፤ ቨርሊን ዘንጉን ሳይለቅ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ያጠማዝዛታል። ለዚህ ደግሞ ዘንጉ ከላይ እስከ ታች እንደ ማካሮኒ መቦርቦር ነበረበት። አርባ አንድ ዓመት በፋብሪካ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የኖረው ቨርሊን በአንድ እጁ ቦረቦረው፤ ሁለት ዘንግ ሰበረ፣ ሦስተኛው ሰመረ። ኢኔዝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ሽቦዎች በውስጡ አሳልፋ በየደቻቸው። ሞተሩን ደግሞ በግራ በኩል ለሚቆም አንድ ማንሻ ሰጡት። የቨርሊን እጅ ቢተኛም ትከሻው አልተኛም፤ ማንሻውን በክርኑ መግፋትና መሳብ ይችላል።

ኢኔዝ በየደረጃው ትጨቃጨቅ ነበር። ማንሻው የተተወበት ቦታ ላይ ይቆም ዘንድ ጠበቅ ማለት አለበት። የድሮው የግራ ዘንግ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይነቀል፤ «ሁለት አለቃ ያለው ሞተር ቤቴ አይገባም።» ፕሮፔለሩ ሳይወልቅ ምንም ነገር አይሞከር። በመጀመሪያው ሙከራ ቨርሊን እንዝርቷን ወደ ቀኝ ሲያዞር ጭራው ወደ ግራ ሄደ። «ፖለቲከኛ ሠርተናል» አለች ኢኔዝና ሁለቱን ሽቦ አቀያየረቻቸው።

በመጨረሻ መቆጣጠሪያውን መለኪያዋ ላይ አስቀምጣ ሞገዱን ለካችው። ከፋብሪካ በወጣበት ልክ ነው፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልተነቃነቀም። ይህንኑ በሱቋ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ የፈቃዷን ቁጥር አስፍራ ፈረመች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባቸው።

ቨርሊን አላቆመም። መቆጣጠሪያውን የሚያስቀምጥበት፣ ግራ ክንዱንም የሚያሳርፍበት፣ ከአንገቱ የሚንጠለጠል ትሪ ያስፈልገዋል። ይህን ብቻውን ሊሠራው፣ በፈተናው ቀን ሚስቱን ሊያስደምም ቆርጦ ተነሳ። አርባ አንድ ዓመት ብረት ለሠራ ሰው እንጨት ማለት የብረት ዕቃ ታሽጎ የሚመጣበት ነገር ነው። ስለዚህ ከአልሙኒየም ሠራው፤ ዙሪያውን ሦስት ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ፣ በግራና በቀኝ እስከ አንቴናው ሥር የሚደርስ የክንድ ማሳረፊያ። ፊቱን ተላጭቶ እስኪያይበት ድረስ ወለወለው። ከዚያም ጋራዡ ውስጥ በጆንያ ሸፈነው።

* * *

በፈተናው ቅዳሜ ኢኔዝ የአምቡላንሱን ሬዲዮ ስለምትጨርስ እስከ ምሳ ሰዓት አትመጣም። ቨርሊንን የወሰደው ጓደኛው ኦርቪስ ፔነል ነው። ኦርቪስ ወተት በቦቴ የሚያመላልስ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚከራከር፣ ጓደኛውን ለመርዳት ምንም ነገር ከማድረግ የማይመለስ ሰው ነው። ችግሩም ያ ነው።

ሜዳው ላይ ሃያ ያህል አባላት በደንቡ አቅጣጫ ዞረው ተቀምጠዋል። በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል። የራሱን ቁጥር መቆንጠጫ ያልያዘ ሰው መቆጣጠሪያውን አያበራም። ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር ካበራ አውሮፕላኗ ማን እንደሚያዛት ግራ ገብቷት አፈር ትገባለች። ቨርሊን 38ን ከሰሌዳው ነቅሎ ባርኔጣው ላይ ቆነጠጣትና ትሪውን ከጆንያው አወጣ።

ፀሐይዋ አልሙኒየሙ ላይ ስታርፍ የክበቡ ግማሽ ዓይኑን ጨፈነ።

«በእግዚአብሔር!» አለ ኦርቪስ። «የጥርስ ሐኪም ቤት አንጠልጥለህ መጣህ እንዴ?»

ላይል ሰደርያውን እያስተካከለ ቀረበ። መጀመሪያ ትሪውን አየ፣ ቀጥሎ በዘንጉ አናት ላይ ያለችውን እንዝርት።

«ይሄ መቆጣጠሪያ ተነካክቷል። የተነካካ መቆጣጠሪያ ሕገ ወጥ ነው።»

«የተነካካው ከብረቷ ሣጥን ወዲህ ያለው ነው። ወዲያኛው እንደታሸገ ነው። ይኸው፣ የቴክኒሽያን ወረቀት።»

ላይል አነበበው። «ይሄማ የሚስት ምስክርነት ነው።»

«ፈቃዷ የመጣው ከዋሽንግተን ነው እንጂ ከሠርጋችን አይደለም።»

ላይል የፈቃዱን ቁጥር ድጋሚ አነበበ፤ ያቺ ፊርማ በራሱ አውቶቡሶች ሬዲዮ ሁሉ ላይ አለች። ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። «መልካም። ቢሆንም የርቀት ፍተሻ አለ።»

የርቀት ፍተሻ ማንም የማያልፈው ሥርዓት ነው። አንቴናው ተሰብስቦ ይታጠፋል፤ አንድ ሰው አውሮፕላኗን ይዞ ይርቃል። አንቴናው አጥሮ አርባ ርምጃ ድረስ ጭራው ሳይንቀጠቀጥ ከታዘዘ፣ ተዘርግቶ ሰማዩን ሁሉ ያዝዛል ማለት ነው። ኦርቪስ አውሮፕላኗን እንደ ጥጃ አቅፎ ሄደ። ላይል ቨርሊን አጠገብ ቆሞ ርምጃውን እየቆጠረ፣ መጽሐፉ ላይ እያሰፈረ ነው።

አሥር። አሥራ አምስት። ጭራው ወደ ቀኝ፣ ጭራው ወደ ግራ፤ ታዛዥ ነው። አሥራ ስምንት ላይ የጭራው ክንፍ ማንም ሳያዘው ብርግግ አለ፤ አፉ ላይ መንጠቆ የገባበት ዓሣ ይመስል። ሃያ ላይ ደገመው።

ኦርቪስ ዞር አለና ሆዱን አስጠጋ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጭራው ሄደ።

«ግሩም ነው!» ብሎ ጮኸ። «እንደ ሰዓት ነው! ወርቅ ነው!»

«ሠላሳ» አለ ላይል፣ አንገቱን መጽሐፉ ላይ ደፍቶ። «ሠላሳ አምስት። አርባ። ተስተካክሏል?»

የቨርሊን ዓይን ለቅርብ ነገር መነጽር ይፈልጋል፤ ለሩቅ ግን ጭልፊት ነው። ጭራው በኦርቪስ ወፍራም ጣቶች መሐል ሲፍጨረጨር አየው። የላይል ብዕር «አልፏል» የሚለው ሳጥን ላይ ደርሳ ቆማለች። አንቴናው ሲዘረጋ ነገሩ ሊስተካከል ይችላል፤ ምናልባት። ቨርሊን ግን በፋብሪካ ዘመኑ «ምናልባት» ተብሎ የተለካ ብረት መልሶ ሲወረውር የኖረ ሰው ነው። አውሮፕላኗ ሦስት ኪሎ ትመዝናለች፤ ፊቷ ላይ የሚሽከረከር ነገር አለ፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሃያ ሰዎች ደግሞ በስማቸው ያውቃቸዋል።

«ኦርቪስ!» አለ። «እጅህን አንሳ!»

«የቱን እጄን?»

«የምትዋሽበትን!»

ኦርቪስ ሁለቱንም ሊያነሳ ምንም አልቀረውም። ጭራው በሙሉ ክበቡ ፊት ተርገፈገፈ። ላይል ፊሽካውን ነፋ።

«ወድቀዋል፣ ሚስተር ስታኪ!»

«አልወደቅሁም። ራሴን ነው የጣልኩት» አለ ቨርሊን። «ኦርቪስ፣ መጀመሪያ አውሮፕላኗን አጥፋት።» ከዚያ መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ መቆንጠጫውን ሰሌዳው ላይ መለሰ። «ፈተናው ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

«ወንበሬን እንዳታነሳ» አለው ቨርሊን። «አቅጣጫው ትክክል ነው።»

* * *

ኢኔዝ ከሱቋ ስትመለስ ትሪውን ጋራዡ በር ላይ አገኘችው። ዞረችው። ጎንበስ ብላ ፊቷን አየችበት። ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ቨርሊን! አንቴናውን በቁሙ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተትከው እኮ!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሞገድ ብረት አያልፍም። ከግራ ጠርዝ፣ ከቀኝ ጠርዝ፣ ከሥር ትሪ፤ ገና ሳይወጣ ትሪህ ይውጠዋል። እኔ መለኪያዬ ላይ ሳስቀምጠው ይሄ የንጉሥ ገበታ የት ነበር?»

«ላስደንቅሽ ብዬ ነው።»

«ተደንቄአለሁ።»

«ታዲያ በምን ልሥራው?»

«በእንጨት።»

ቨርሊን ቃሉን ቀሚስ ልበስ የተባለ ያህል ሰማው። «በእንጨት?»

«አውሮፕላንህስ እንጨት አይደለችም?»

«እሷማ መብረር ስላለባት ነው! ተገዳ ነው!»

«አንተስ ብቻህን ማብረር የለብህም?» አለችው፤ አሁን አትስቅም። «ወይስ የላይል ጣት ይመችሃል?»

ኦርቪስ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ የጥፋተኛ ፊት ለብሶ የቆመው፣ «እንጨት ከየት እናምጣ? ሱቁ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው» አለ።

ኢኔዝ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጩኸት ተሰማ፤ የሚነቀል ነገር ጩኸት። የሲኒ ማስቀመጫውን ቁም ሣጥን በር በእጇ ይዛ ወጣች፤ አተር መሳይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው።

«ይሄን በር አስተካክልልኝ ካልኩህ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች። «ዛሬ አስተካክልልኝ።»

ኦርቪስ እንጨቱን በመጋዝ ገዘገዘ። እንደ ሾፌር ነው የሚገዘግዘው፤ መስመሩን ሲስት ያፏጫል። ቨርሊን በአንድ እጁ በሞረድ መስመሩን ይመልሰዋል፣ በአፉ ደግሞ ኦርቪስን። ኮላው እስኪደርቅ ጊዜ ስለሌለ መጋጠሚያውን በእንጨት ችንካር ያዙት። ብሎን የገባው አራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁሉም ከአንቴናው ርቆ፣ ኢኔዝ በጣቷ ያሳየችበት። የአንገቱ ማንጠልጠያ የኦርቪስ ቀበቶ ሆነ፤ ሌላ ሰው ጋ በቂ ርዝመት ያለው ቀበቶ አልተገኘም። ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም። ዝገት ያሰረው የበሩ እጀታ አልፈታ ብሎ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቨርሊን አንጠለጠለው። አርባ አንድ ዓመት በማይክሮሜትር የኖረ ሰው የቁም ሣጥን በር ደረቱ ላይ ተሸክሞ ቆመ።

«አንድ ነገር እንዳትናገር» አለው ኦርቪስን።

«ምንም አላልኩም። ሲኒዎቹ የት ገቡ ልል ነበር።»

«ጓሮ ወስደን በአርባ ርምጃ አንሞክረውም?» አለ ቨርሊን።

«ሜዳው ከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም» አለች ኢኔዝ። «ቁጥር 38ን አሁን ማን ይዞ እንደሚያበር በምን ታውቃለህ? መቆንጠጫው እጅህ ሲገባ ትሞክረዋለህ።»

ሳይሞክሩት ሄዱ። ቨርሊን መንገዱን ሙሉ ግራ ክንዱን ኮምፔንሳቶው ላይ አሳርፎ ነበር። ደስ የማይለው ነገር፣ ተመችቶታል።

* * *

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ 38 የለችም። አንድ የጥርስ ሐኪም ይዟት አየር ላይ ነው፤ የማሳረፍ ሐሳብም የለውም። ኦርቪስ «ልጩህበት?» አለ። ቨርሊን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ዞረ፣ ተገለበጠ፣ ደግሞ ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ አሳረፈና መቆንጠጫውን መለሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ላይል፣ አረንጓዴውን ነገር እያየ።

«የደኅንነት መሣሪያ ነው። አሁን አውሮፕላኗን የምትይዘው አንተ ነህ። ኦርቪስ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ይቆማል።»

ላይል አውሮፕላኗን ይዞ ሄደ፣ ዓይኑን ከጭራው ሳይነቅል፣ ራሱ እየቆጠረ። ሃያ። ጭራው ጸጥ ብሏል፤ ሲታዘዝ ይሄዳል፣ ሳይታዘዝ ይቆማል። ሠላሳ። አርባ። ላይል አልቆመም። ሃምሳ። ለጥንቃቄ ስድሳ። ሰባ ላይ ወደ አኩሪ አተሩ እርሻ ገባ።

«ላይል!» አለች ኢኔዝ። «ኦሃዮ ልትገባ ነው እኮ!»

ከሩቅ አንድ አውራ ጣት ወደ ላይ ቆሞ ታየ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ወደ ሩብ ጉዳይ ተጠግቷል። ቨርሊን አንቴናውን ዘረጋና ማንሻውን በክርኑ ገፋ። ሞተሩ አስነጠሰው፣ ከዚያ ዘፈነ። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ ስትንደረደር ንፋሱ ወደ ግራ ጎተታት፤ እንዝርቷን በሁለት ጣቱ ጠምዘዝ አደረጋት፣ ቀናች። ተነሳች።

ላይል አጠገቡ ቆሟል። ባዶ እጁን ነው፤ ጠቋሚ ጣቱ ግን አየር ተጭኖ ተቆልምሟል።

«የምትይዘው ነገር ካጣህ ዶናት አለ» አለው ቨርሊን።

ስምንት ቁጥር ሠራ። ዞሮ አሳረፈ፤ ትንሽ ነጠረች። «አንድ» አለ ላይል። ድጋሚ አስነሳ፣ ድጋሚ አሳረፈ፤ አልነጠረችም። «ሁለት።» በሦስተኛው ንፋሱ ዞሮ ከጎን መጣ። ቨርሊን አንዱን ክንፍ ዝቅ፣ ጭራውን ደግሞ በተቃራኒው አድርጎ እንደ ሸርጣን በጎኗ አመጣት፤ ልክ መሬት ስትደርስ እንዝርቷን መለሳት። ጎማዎቿ ሣሩን ነኩት ወይስ አልነኩትም ብሎ ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሦስት» አለ ላይል። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሊሆን አምስት ደቂቃ ይጎድለዋል። «አልፈዋል፣ ሚስተር ስታኪ። ፈተናው አልቋል።»

የቨርሊን ክርን ማንሻውን እስከ መጨረሻው ገፋው። አውሮፕላኗ ለአራተኛ ጊዜ ተነሳች።

«አልቋል አልኩዎት እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ላንተ አልቋል። እኔ ነዳጅ አለኝ።»

«በደንቡ መሠረት...»

«ገጹን ንገረኝና አረፍ ስል አነብበዋለሁ።»

እንዲህ ያለው ገጽ አልነበረም። ላይል ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ፣ ሰደርያውንም አወለቀና ወንበሩ ላይ ጣለው። «አንተ ቨርሊን» አለ፣ «ካበርክ አይቀር እንግዲህ ገልብጣት።»

ገለበጣት። ጀርባዋን ለመሬት፣ ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ በሰዎቹ ፊት አለፈች። ሰባት ወር ሙሉ ያላደረጋቸውን ነገሮች ሁሉ አደረገ፤ ክብ፣ ጥምዝ፣ ሽቅብ ወጥቶ እንደ ቅጠል መውደቅ። ኦርቪስ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ አጨበጨበና ያለ ቀበቶ መሆኑን ረስቶ ኖሮ ቶሎ ብሎ ሱሪውን ያዘ።

ከዚያ ሞተሩ ሳል ጀመረው። አንዴ፣ ሁለቴ። ጸጥ አለ።

«ሞተር ጠፋ!» ብሎ ጮኸ ቨርሊን፤ ሜዳውን ልቀቁልኝ ማለት ነው። ሁሉም ከመስመሩ ሸሸ። ሞተር የሌላት አውሮፕላን አንድ ዕድል ብቻ አላት፤ ደግማ አትዞርም። ቨርሊን አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ፍጥነቷን ጠበቀላት፣ ከእርሻው ጫፍ ላይ በሰፊው አዞራት፣ ንፋሱን ፊት ለፊቷ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ የሚታገላት ነገር አልነበረም። ክንፏ ሲያፏጭ ብቻ እየተሰማ መጣች። ከእግሩ አሥር ርምጃ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ አውሮፕላኗን፣ ቀጥሎ መቆጣጠሪያውን አጠፋ። መቆንጠጫውን ከባርኔጣው ነቅሎ ለኦርቪስ ሰጠውና ወደ ሰሌዳው ላከው።

ላይል የማለፊያ ካርዱንና ብዕሩን አመጣ። «የአንተ ፊርማ እዚህ፣ የእኔ ደግሞ ከሥሩ።»

ቨርሊን ብዕሩን በቀኝ እጁ ያዘ። ካርዱን በግራ እጁ መያዝ አይችልም፣ የሚያስደግፍበትም ነገር የለም፤ ትሪው ላይ መቆጣጠሪያው ተቀምጧል። ላይል ነገሩ ገባው። ዞሮ ጎንበስ አለና ጀርባውን ሰጠው፤ ኢኔዝ ካርዱን ጀርባው ላይ ዘርግታ በሁለት ጣቷ ያዘችለት።

«አትሳቅ፣ አትተንፍስ» አለው ቨርሊን፣ ብዕሩን እያሳረፈ። «ስሜ ረጅም ነው።»